ጳጉሜን የማታውቀው ካሜራዬና የእትዬ ብርቄ ሹርባ

ዛሬ የሠራሁትን ብነግራችሁ ጤነኛ ሰው ያደርገዋል ብላችሁ አታምኑም። እኔም ከረፋዱ ጀምሮ ለማመን እየሞከርኩ ነው፤ አልሆነልኝም።

የአንዲት ሴት ፊት አጠፋሁ።

አይ፣ በቡጢ አይደለም! በአንዲት ጣት ነው። በአንዲት ትንሽ ቁልፍ።

ስድቡን እስከ መጨረሻው አቆዩልኝ። ይገባኛል፤ ባንድ ላይ ብወስደው ይሻለኛል።

የቆያችሁ ተከታዮቼ ካሜራዬን ታውቋታላችሁ። አዲስ ለመጣችሁ፦ የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም፣ ዲጂታል የሚባለው ነገር ገና ብርቅ በነበረ ጊዜ፣ እዚህ ደብረ ታቦር ሲያስተምር ከቆየ የውጭ አገር ሰው በስንብት ስጦታ የደረሰችኝ ባለ አምስት ሜጋፒክስል ካሜራ ናት። ለሚያያት የጋዜጠኛ ካሜራ ትመስላለች። ጥቁር፣ ከባድ፣ አፍንጫዋ የረዘመ። ሌንሷ ግን አይፈታም፤ የተጣበቀ ነው። መልኳ የባለሙያ፣ ሆዷ የጀማሪ።

(እንደ ባለቤቷ ብላችሁ የሳቃችሁ አላችሁ። ዛሬ አልከራከርም።)

ስለዚህች ካሜራ ስንት ፖስት እንደጻፍኩ አትጠይቁኝ። የዛሬ ዓመት እንዲያውም ኢንተርኔት ላይ ገብቼ፣ ያኔ የገዟት የዓለም ሰዎች የጻፉትን አስተያየት አንድ በአንድ አንብቤ ነበር። አንዱ ባትሪ ትበላለች ብሎ ያማርራል። ሌላው ቁልፉን ተጭነህ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ሰውዬው ተነስቶ ይሄዳል ይላል። አንዷ ደግሞ በማያዋ ቀዳዳ ስመለከት ዓለም በጠርሙስ ቂጥ የሚታይ ይመስለኛል ብላለች።

እኔ ለሁሉም እዚሁ ገጼ ላይ መልስ ሰጠሁ። ባትሪ ትበላለች ላለው፦ የሚሠራ ይበላል! ትዘገያለች ላለው፦ ትዕግሥት የሌለው ሰው ፎቶ ምን ያደርግለታል? ለጠርሙሷ ሴትዮ፦ ዓለምን በጠርሙስ ቂጥ ያላየ የትኛው ጸሐፊ ነው?

ላይኩ ዘነበ። እኔም አበጥኩ።

ያ ፖስት አሁንም አለ። እንዳታነቡት።

ይችን ካሜራ የያዝን ሰዎች በከተማችን ሁለት ነን። ሁለተኛው አያ ቢራራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ፣ የሰፈሬ ሰው። መንትያዋን ከዚያው ከመምህሩ እጅ ነው የተቀበሉት። ስለ እኔዋ ካሜራ ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፦ «ዕቃዋ ደህና ናት። ባለቤቷን የሚጠግን ነው የጠፋው።»

የምንጣላው በቀን መቁጠሪያ ነው።

አያ ቢራራ የእሳቸዋን በፈረንጅ ቀን ሞልተው አስቀምጠዋታል። «የፈረንጅ ዕቃ በፈረንጅ ቀን» ነው መመሪያቸው። እኔ ግን እኔ ቤት የገባ ዕቃ በእኔ ቀን ይቆጥራል ብዬ መስከረምን 1፣ ነሐሴን 12 አድርጌ ሞላኋት። በዓመተ ምሕረት!

እንዴት ያለ ኩራት መሰላችሁ። ችግሩ፣ ካሜራዋ አልተጠመቀችም። ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው ብላ ድርቅ ስለምትል፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ በእሷ ዓለም የሉም። ሃያ ዓመት ሙሉ በእነዚያ ሁለት ቀናት ፎቶ አላነሳሁም። ሰው ሲጠይቀኝ «አላነሳም፤ ልማዴ አይደለም» እላለሁ። ስእለት ያለብኝ ይመስላቸዋል።

ጳጉሜ ደግሞ የባሰች ናት። አሥራ ሦስተኛ ወር ብላችሁ ልትሞሉ ስትሞክሩ፣ ከ12 ቀጥሎ ተመልሳ 1 ላይ ዱብ ትላለች። ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። ጳጉሜ ስትገባ ወሩን 1 አደርገዋለሁ፤ ዓመቱን አልነካውም። በካሜራዋ ቋንቋ ጳጉሜ ማለት መስከረም ናት፤ ያውም አልፎ የሄደው መስከረም። እንቁጣጣሽ ሲጠባ ዓመቱን እቀይርና ሁላችንም እንታረቃለን።

ካሜራዋ ፎቶዎቹን በየወሩ ለይታ በፎልደር ነው የምታስቀምጠው።

ይችን ነገር ያዙልኝ። እኔ አልያዝኳትም።

አሁን ወደ እትዬ ብርቄ።

እትዬ ብርቄ ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው ገና በጉልምስናቸው ነው። ያኔ ጠጉራቸውን ተላጩ፤ ኋላም ቢያድግ ሻሽ ጠቅልለውበት ኖሩ እንጂ ተሠርተው አያውቁም። ዘንድሮ «በቃኝ፣ ቆብ ልድፋ» አሉ። ቀኑንም ለራሳቸው መረጡ፦ ጳጉሜ ሦስት፣ ሩፋኤል። ዛሬ ማለት ነው።

ለማታውቁ፦ ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞተ ተብሎ ፍትሐት ይደገምለታል፤ ጠጉሩ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ሹርባ የለም፣ ጌጥ የለም፣ ወደኋላ መመለስ የለም።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ዓለሚቱ። እብናት አስተማሪ ናት። ዓለሚቱ የእናቷን አንዲት ደህና ፎቶ ለማግኘት የለመነችባቸውን ዓመታት ሰፈሩ ያውቃል። እትዬ ብርቄ በዕድሜያቸው ያላቸው ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው። ስለ እሱም «ዶሮ ስሰርቅ የተያዝኩ ነው የምመስለው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

እና ባለፈው ሳምንት እሺ አሉ! «ቆቡን ሳልደፋ አንዴ ሰው መስዬ ልነሳ» አሉ። ጠጉራቸውን ሊሠሩም ፈቀዱ። ለአንድ ፎቶ። ለአንዲት ቀን።

ዓለሚቱ በስልኬ አነሳሻለሁ ብላ ነበር።

ማን ጣልቃ ገባ? ገምቱ።

«በስልክ?» አልኩ። «እናትሽን በስልክ? ስልክ የሚያነሳው ሰው ሳይሆን ቂንጬ የቀረበበት ሳህን ነው! እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?»

ከትናንት ወዲያ፣ ጳጉሜ አንድ፣ ዝናቡ ረፋዱ ላይ ጋብ ሲል ከአጥራቸው ውጭ፣ መንገዱ ዳር ካለው ጽድ ሥር በርጩማ አስቀመጥን። እትዬ ብርቄ ወጡ። ጥልፍ ቀሚስ፣ አዲስ ነጠላ፣ ሹርባ። ሰፈሩ እልል አለ።

ዓለሚቱ ስልኳን አወጣች። ዛሬ ራሴን በጥፊ የምመታው እዚህ ላይ ነው።

«ክተቺው!» አልኳት።

«ጋሼ፣ አንድ ብቻ…»

«አንድም አይሆንም! ባንድ ላይ ሁለት ነገር ሲደገንባቸው እናትሽ የቱን ይዩ? ክተቺ ብያለሁ!»

ከተተችው። አስተማሪ ናት፤ ትዕዛዝ ታከብራለች።

በዚያች ቅጽበት አንድ ጺማም ሰውዬ ሰማያዊ ባጃጁን መንገዱ ዳር አቁሞ ስልኩን ወደ እትዬ ብርቄ ቀና ሲያደርግ አየሁት። እሱንም አልማርኩትም።

«ዘወር በል! ሰርግ መሰለህ?»

«እሺ ጋሼ ጋዜጠኛው!» ብሎኝ፣ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፍቶብኝ ሄደ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ብርቄም ሳቁ። እኔ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ቁም ነገር የሚነሳው በሳቅ አይደለማ!

አሥራ አንድ ፎቶ አነሳሁ። በራሴ ዘዴ መሠረት አሥራ አንዱም መስከረም የሚል ፎልደር ውስጥ ገቡ። እትዬ ብርቄ በካሜራዋ ስክሪን ላይ ሊያዩ ሞክረው ነበር። ፀሐይ ነበር፤ ዓይናቸውም ደክሟል። «ጥቁር ነገር ነው የማየው» አሉ።

«ግድ የለም እትዬ፤ በትልቁ አሳትሜ ለእንቁጣጣሽ አመጣልዎታለሁ።»

«እንግዲያ ያኔ አየዋለሁ» አሉ።

ወደ ኮምፒውተር ልገለብጥ ሁለት ቀን መብራት ጠበቅኩ። አልመጣም። እኔም አልተጨነቅኩም። ምን ያስጨንቃል? ፎቶው በእጄ ነው!

ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓቱ ተፈጸመ። እትዬ ብርቄ እማሆይ ሆነው ወጡ። ሲወጡ የሩፋኤል ዝናብ ወረደ። ልጅ አዋቂው ጠበል ነው ብሎ ይደበደብበታል፤ እኔ ካሜራዬን ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ ግድግዳ ተጠግቻለሁ። ሲያባራ ካህናቱ፣ ዘመዱ፣ ጎረቤቱ ተሰለፈ። «በል አንሳን!» ተባልኩ።

ቁልፉን ተጫንኩ። ካሜራዋ እምቢ አለች። ካርዱ ሞልቷል።

መቶ ፎቶ የማይሞላ ካርድ ነው፤ ሌላ ደግሞ የለኝም፣ ፋብሪካውም መሥራት ካቆመ ቆይቷል። አርባ ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ ያየኛል። አንዱ ቄስ «ምነው፣ ቅዳሴ ልትቀድስበት ነው?» አሉ።

ሜኑ ገባሁ። ከሁሉ የቆየው ፎልደር የቱ ነው? መስከረም። ምን አለበት? ሳልከፍተው በትዝታዬ መለስኩ፦ ያለፈው መስከረም አደይ አበባ፣ ሁሉም ብዥ ያለ። የጎረቤት በግ፣ ከጀርባ። ይጥፋ ወይስ ይቅር ብላ ጠየቀችኝ።

ጠየቀችኝ እኮ! የገዛ ካሜራዬ፣ በጨዋ ደንብ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ።

ይጥፋ አልኩ።

እርግጠኛ ያልሆንኩበት ቀን መች ነበረና?

ከዚያ ሠላሳ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ቆብ፣ መስቀል፣ ጥላ፣ ጭቃ። ሁሉም አሁን ባዶ በሆነው ቦታ ላይ እየተደራረበ ተጻፈ።

ጠበል ጸዲቅ ልንቀምስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥን። ዓለሚቱ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል፤ ግን ትስቃለች። «ጋሼ፣ እስኪ የሹርባዋን አሳዩኝ። አሁን ሲቆርጧት ሳይ ሆዴ ባባ።»

አወጣሁ። ወደኋላ እየገፋሁ ማሳየት ጀመርኩ።

ቆብ። ቆብ። ቄሱ ሲያዛጉ። ቆብ።

የነሐሴ ገብስ።

«አለፍነው መሰለኝ» አለች ዓለሚቱ።

እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ጳጉሜ አንድን «መስከረም» ያልኳት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት የኮራሁባት ዘዴ፣ እትዬ ብርቄን ወስዳ ከበጉ ቂጥ ጋር አንድ ፎልደር ከተተቻቸው።

በአማርኛ ፎቶ «ይነሳል» አይደል የምንለው? አነሳኋቸው። ከዚያ ጣልኳቸው።

ነገርኳት። እንዴት እንደነገርኳት አላውቅም፤ ስለ ቀን መቁጠሪያ ብዙ ያስረዳሁ ይመስለኛል። ዓለሚቱ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና አንድ ነገር ብቻ አለች።

«ስልኬን አስከተቱኝ እኮ ጋሼ።»

አልጮኸችም። ብትጮኽ ምን ነበረበት!

አያ ቢራራ ከፊት ለፊታችን ተቀምጠው ነበር። ካሜራዋን ከእጄ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላበጧት። ሃያ ዓመት የጠበቁት ቀን ነው፤ «አላልኩህም?» ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ካጠፋህ በኋላ አንስተሃል?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ስንት?»

«ሠላሳ ይሆናል።»

መልሰው ሰጡኝ። አላሾፉም። ያኔ ነው ተስፋ እንደሌለ የገባኝ። አያ ቢራራ ያላሾፉበት ነገር አልቆለታል ማለት ነው።

ቢሆንም ባጃጅ ይዤ ወደ መሐል ከተማ ከነፍኩ። ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ካርዱን ብርሃን ላይ ይዞ አገላበጠው። «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ይሄን የሚያነብ ዕቃ እኔ የለኝም። ጎንደርም መኖሩን እንጃ። ቢኖርም፣ ሌላ ተጽፎበታል አይደል የሚሉት?» ብሎ በሁለት እጁ መለሰልኝ። እንደ አስከሬን።

ተመለስኩ። መቅረት አምሮኝ ነበር፤ ጎረቤት ስለሆኑ የት እቀራለሁ?

እማሆይ ድንኳኑ ጥግ ቆባቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ነገሩን ሰምቷል፤ እሳቸው ብቻ አልሰሙም። ሄጄ እግራቸው ሥር ተንበረከክኩ።

«እማሆይ፣ ፎቶው ጠፋ።»

«የትኛው?»

«የሹርባው።»

እጃቸው ወደ ራሳቸው ሄደ፤ ጠጉር የሚነኩ መስሏቸው። ቆቡን ነኩት። እጁ ተመለሰ።

«እኔ እንደሁ አላየሁትም» አሉ። «ዓይኔ መስታወት ከተወ ስንት ዘመኑ። አንተ ግን አይተኸኛል። ደራሲ ነው ይሉሃል፤ እስኪ ንገረኝ፣ እንዴት ነበርኩ?»

ወገኖቼ፣ ምን እንዳየሁ ልንገራችሁ? የባትሪዋ ምልክት ግማሽ መድረሱን አየሁ። ከግራ ጥላ መኖሩን አየሁ። የጽዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቄ አየሁ። በዚያች በጠርሙስ ቂጥ አሥራ አንድ ጊዜ አይቻቸው፣ አንድ ጊዜም አላየኋቸውም።

የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ። «ንግሥት ይመስሉ ነበር» አልኩ።

«ንግሥት አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም እማሆይ።»

«ታዲያ ምነው ካላየኸው ጋር ታመሳስለኛለህ? ያየኸውን ንገረኝ እንጂ ልጄ።»

ሠላሳ ዓመት ድርሰት ጽፌያለሁ። መጻሕፍቴ ከግድግዳው ተርፈው አልጋ ሥር ገብተዋል። አንዲት ቃል አላገኘሁም!

ዓለሚቱ መጣች። እናቷ ጎን ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

«ግንባርሽ ላይ ያለችው አንዷ ጉንጉን ትንሽ ጠመም ብላ ነበር፤ እኔ ነኝ ቸኩዬ ያጣመምኳት። ነጠላሽ ከትከሻሽ ሲንሸራተት በክርንሽ ትመልሺው ነበር። ያ ባለ ባጃጅ ጡሩምባውን ሲነፋ ደግሞ ጥርስሽ ሁሉ ታየ። ስትስቂ አፍሽን ሳትሸፍኚ ያየሁሽ የዚያን ዕለት ነው እምዬ። ጉንጭሽ ላይ ስርጉድ አለ። እኔ አላውቅም ነበር።»

«ስርጉድ አለኝ?» አሉ እማሆይ።

«አለሽ።»

«ይገርማል» አሉ። ደስ አላቸው። በዚህ ዓለም የለሁም ያሉት ሴት፣ ስለ ጉንጫቸው ሰምተው ደስ አላቸው።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ኮሜንት ላይ ልታጽናኑኝ ስትሮጡ ይታየኛል። አየህ፣ ስልኳን ባታስከትታት ኖሮ እንዲህ በዓይኗ አታያቸውም ነበር፤ ዞሮ ዞሮ ልክ ነበርክ ልትሉኝ።

አትሞክሩ። እኔም ሞክሬዋለሁ። ከድንኳኑ ሳልወጣ እኮ ነው ይሄ ሐሳብ የመጣልኝ! ተበድዬም በድዬም ልክ ሆኜ መውጫ አላጣም።

ዓለሚቱ ግን ከእናቷ ተነስታ ስትሄድ በአጠገቤ አለፈች። ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔስ ሳልኖር ለልጆቼ ማን ይነግራቸዋል?» አለችኝ።



እንግዲህ ይህን ፖስት የጻፍኩት ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ለአንድ ሰው ነው፤ ስሙን አላውቀውም። ሼር አድርጉልኝ፤ የይፋግም ሰው፣ የሐሙሲትም ሰው፣ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ የምትመላለሱም ሁሉ ለምታውቁት ባለ ባጃጅ አድርሱልኝ።

አንተ ጺማሙ ወንድሜ። ሰማያዊ ባጃጅ ያለህ። ጳጉሜ አንድ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከጽዱ ማዶ ስልክህን ቀና ያደረግከው። «ዘወር በል» ብዬ በሰው ፊት ያዋረድኩህ እኔ ነኝ። ጥፋተኛ ነኝ፤ በሰው ፊት መልሰህ ልትሰድበኝ ትችላለህ፣ ቦታውን አንተ ምረጥ።

ግን ዘወር ከማለትህ በፊት ጣትህ ያችን ስልክ ነክታ ፎቶ አንስታ ከሆነ፣ እባክህ ላክልኝ። ብዥ ይበል። ግማሹን አውራ ጣትህ ይሸፍነው። ዘንበል ይበል። እኔ መሐል ገብቼ እጄን እያወናጨፍኩ ስጮህ የሚታይ ቢሆንም ግድ የለም፤ ከጎኔ አንዲት የምትስቅ ሴት ካለች በቂ ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው አይሰማኝም እያልኩ ሳማርር ኖሬያለሁ። ዛሬ የምለምነው ተቃራኒውን ነው።

ወንድሜ፣ እባክህ፣ አልሰማሁህም በለኝ።